ኤሌክትሪክን የሚያሳልፍ፣ ሙቀትን የሚያግድ፦ የቲን ሴሌናይድ እንቆቅልሽ



እ.ኤ.አ. በ1821 ቶማስ ዜቤክ ከሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች የሠራውን ቀለበት አንዱን መጋጠሚያ ሲያሞቀው አጠገቡ የነበረው የኮምፓስ መርፌ ዞረ። እርሱ ሙቀት ማግኔትን የወለደ መስሎት ነበር፤ መርፌውን ያዞረው ግን በቀለበቱ ውስጥ የፈሰሰው ኤሌክትሪክ ነው። በ1977 ወደ ጠፈር የተላኩት ሁለቱ የቮየጀር መንኮራኩሮች ኃይላቸውን የሚያገኙት በዚሁ ክስተት ነው፤ ከፕሉቶኒየም የሚወጣውን ሙቀት የሲሊኮንና የጀርማኒየም ቅይጥ፣ አንዳች የሚሽከረከር አካል ሳይኖረው፣ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥላቸዋል።

ታዲያ በየፋብሪካው ጭስ ማውጫ የሚባክነውን ሙቀት ለምን አንሰበስብበትም? የዋጋውን ነገር ለጊዜው እንተወውና፣ ችግሩ ከራሱ ከቁሱ ይጀምራል። ጥሩ ቴርሞኤሌክትሪክ ቁስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት ከፍ ያለ ቮልቴጅ መስጠት፣ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ማሳለፍ፣ ሙቀትን ግን ማገድ አለበት። እነዚህ ሦስቱ አይስማሙም። ኤሌክትሮን ስንጨምርለት ኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ያድጋል፤ ቮልቴጁ ግን ይወርዳል፣ ኤሌክትሮኖቹም ሙቀትን ተሸክመው ያልፋሉ። የሦስቱን ሚዛን በአንድ ቁጥር የሚገልጸው ዜድ ቲ የሚባለው መለኪያ ነው፤ ለአሥርተ ዓመታትም 1 አካባቢ ተወስኖ ቆይቷል።

አንድ መውጫ ግን አለ። በጠጣር ቁስ ውስጥ ሙቀትን የሚያጓጉዙት ኤሌክትሮኖች ብቻ አይደሉም፤ ፎኖን የምንለው የአተሞች ንዝረትም ያጓጉዛል። ንዝረቱን ማደናቀፍ ከቻልን ኤሌክትሮኖቹን ብዙም ሳንነካ ሙቀቱን እንገታለን።

በ2014 የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቆርቆሮና የሴሊኒየም ውሁድ የሆነው ቲን ሴሌናይድ፣ በነጠላ ክሪስታል መልኩና በአንድ አቅጣጫ ሲለካ፣ በ923 ኬልቪን 2.6 እንደደረሰ አስታወቁ። የክሪስታሉ ንብርብሮች እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፉ ናቸው፤ በአተሞቹ መካከል ያለው ትስስር ሲገፋና ሲሳብ እኩል ስለማይመልስ ንዝረቶቹ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ይበተናሉ።

ነገር ግን ጥርጣሬ ተነሣ። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ዱቄቱን ጨቁነው የሠሯቸው ናሙናዎች ከነጠላው ክሪስታል ይልቅ ሙቀትን አብዝተው አሳለፉ። ይህ የተገላቢጦሽ ነው፤ በጥቃቅን ቅንጣቶቹ መካከል ያለው ወሰን ሁሉ ለንዝረት ተጨማሪ እንቅፋት ሊሆን ይገባው ነበርና። እንግዲያስ የመጀመሪያው ልኬት ስሕተት ነበርን?

ጥፋቱ የተገኘው ማንም እምብዛም ባልጠረጠረው ስፍራ ነው። በቅንጣቶቹ ገጽ ላይ እጅግ ስስ የቲን ኦክሳይድ ሽፋን ነበር፤ ኦክሳይዱ ደግሞ ከቲን ሴሌናይድ ከመቶ እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። እንቅፋት ይሆናል የተባለው ወሰን ለሙቀት ጎዳና ሆኖ ኖሯል! የደቡብ ኮሪያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቆርቆሮውን አስቀድመው አጣሩ፤ የተፈጨውንም ዱቄት ሃይድሮጂን ባለበት ጋዝ አሞቁ። በ2021 ባሳተሙት ውጤት ዱቄት ወለዱ ናሙና በ783 ኬልቪን 3.1 ገደማ ደረሰ።

በእኔ ግምት ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ብዙዎች የቁሱ ጠባይ ነው ብለው የመዘገቡት ነገር የቆሻሻው ጠባይ ሆኖ መገኘቱ ነው። ሆኖም 3.1 የቁስ እንጂ የመሣሪያ ቁጥር አይደለም። መሣሪያ ለመሥራት ተቃራኒ ሙሌት የሚያጓጉዝ አቻ ቁስ፣ እንዲሁም በተደጋጋሚ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የማይሰነጠቅ መጋጠሚያ ያስፈልጋል፤ ቲን ሴሌናይድ ደግሞ ተሰባሪ ነው።