የቤተሰብ ብዛት እና የአረጋውያን ደስታ፦ በትውልድ ቀዬ እና በከተማ

እርሻቸውን ለልጅ ወይም ለእኩል አራሽ ሰጥተው ከተማ ወዳለ ልጃቸው የሚመጡ አረጋውያን ጥቂት አይደሉም። ልጆችም ወላጆቻቸውን የሚያመጡት “ብቻቸውን እንዳይሆኑ” በሚል ቅን ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ሰው የበዛበት ቤት ሁሉ ለአረጋዊ ደስታን አያስገኝም። የቤተሰብ ብዛት በተወለደበት ቀዬ ለሚኖረውና ከሌላ አካባቢ ለመጣው አረጋዊ የሚሰጠው ጥቅም ይለያያል።

በ1999 ዓ.ም የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንደሚያሳየው በአማራ ክልል አንድ ቤተሰብ በአማካይ 4 ነጥብ 3 አባላት ነበሩት። በገጠር 4 ነጥብ 5፣ በከተማ ደግሞ 3 ነጥብ 3 ነበር። ቁጥሩ ብቻውን ግን የአረጋውያንን ኑሮ አያስረዳም።

በቀዬው የሚኖር አረጋዊ በቤቱ ከባለቤቱ ጋር ሁለት ብቻ ቢሆን እንኳ በዙሪያው እድሩ፣ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው ወይም መስጅዱ አለለት። ለሽምግልና ይጠራል፤ የትኛው ማሳ ለጤፍ፣ የትኛው ለጓያ እንደሚስማማ ይጠየቃል። “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” የሚባለውም ለዚህ ነው። በአንጻሩ መሬቱ ጠባብ ሆኖ ብዙ ሰው በእርሱ ላይ ጥገኛ ከሆነ፣ የቤተሰቡ መብዛት ለእርሱም ጭንቀት ይሆናል።

ወደ ከተማ ለመጣው አረጋዊ ግን ያለው ማኅበራዊ ኑሮ በአብዛኛው ያ ቤት ብቻ ነው። ጠዋት ልጆቹ ወደ ሥራ፣ የልጅ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ስድስት ሰው የሚያድርበት ቤት እስከ ማታ ባዶ ሊሆን ይችላል። ትናንት አባወራ ወይም እማወራ የነበረ ሰው በልጁ ቤት እንግዳ የሆነ ያህል ይሰማዋል።

ጉዳዩ የጤናም ጭምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስገነዝበው ብቸኝነትና ከሰው መነጠል ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክ እና ለመርሳት ችግር ያጋልጣሉ። ድርጅቱ በ2016 ዓ.ም በማኅበራዊ ትስስር ላይ የሚሠራ ኮሚሽን አቋቁሟል።

ስለዚህ ወላጅን ወደ ከተማ ከመውሰድ በፊት ፈቃዱን መጠየቅ ይቀድማል። ምርት ከተሰበሰበ በኋላ መጥቶ ለዘር ወቅት መመለስ የሚችልበት የሙከራ ጊዜ ቢኖር ይመረጣል። የቀዬው እድር ሳይቋረጥ በሚመጣበት ሰፈር እድር ማስመዝገብ፣ ከአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጅድ ጋር ማስተዋወቅ፣ በጓሮ አትክልት ወይም በዶሮ እርባታ እንዲሳተፍ ማድረግም ይጠቅማል።

የራስ ገቢም ክብርን ይጠብቃል። ባለይዞታው መሬቱን ሲያከራይ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ይዞታው የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። የኪራዩ ገንዘብ በአረጋዊው እጅ ሲገባ በልጁ ቤት የሚኖረው ተሳቆ አይሆንም።