ስለ ሞተር መንኳኳት

መኪና ያለው ሰው ከሚሰማቸው ድምፆች ሁሉ አብልጦ የሚፈራው፣ ከኮፈኑ ሥር ተነሥቶ፣ እግሩ ነዳጅ መስጫውን በጫነ ቁጥር ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ የሚከተለውን ድምፅ ነው። ጎማ ቢፈነዳ ይለወጣል፤ ፍሬን ቢያፏጭ ሸራው ይቀየራል፤ ሞተር ያንኳኳ እንደ ሆነ ግን ባለቤቱ የነገሩን ምክንያት ገና ሳይረዳ ኪሱን ይዳስሳል፤ «ሞተሩ ይውረድ» የምትለው የጋራዥ ፍርድ ስንት ገንዘብ እንደምታስወጣ ከጎረቤቱም ከባልንጀራውም ሰምቷልና። ከዚህም ፍርሃት የተነሣ አንዳንዱ ራዲዮኑን ከፍ አድርጎ ድምፁን እንዳልሰማ ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ መጀመሪያ ያገኘው መካኒክ የነገረውን ሁሉ እንደ ወንጌል ቃል ተቀብሎ፣ ምናልባት ካንዴላ በመለወጥ ብቻ ሊድን ይችል የነበረውን ሞተር ያስፈታል። እኔ እንደማምነው፣ መንኳኳት ብዙ ደዌያት የሚጋሩት ምልክት ስለ ሆነ፣ አንድ ቡሎን እንኳ ከመላላቱ በፊት ድምፁ መቼ፣ በምን ሥራ ላይ፣ በምን ያህል ሙቀት እንደሚሰማ በትዕግሥት ሊመረመር ይገባዋል።

ከእነዚህ ደዌያት መካከል ሊቃውንትን እጅግ ያደከመው፣ ከብረቱ ሳይሆን ከእሳቱ የሚመጣው ነው። ቤንዚን በሚያቃጥል ሞተር ውስጥ ፒስቶኑ ወደ ታች ሲወርድ አየርና ቤንዚን ተዋሕደው ይገባሉ፤ ተመልሶ ሲወጣ ድብልቁን ያምቀዋል፤ ከጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል፤ እሳቱም ከዚያች ነጥብ ተነሥቶ እየሰፋ ድብልቁን በተራ ሲበላ፣ ግፊቱ በሥርዓት እያደገ ፒስቶኑን ወደ ታች ይነዳዋል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ይህ ሁሉ በእያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ይፈጸማል። ነገር ግን እሳቱ ገና ያልደረሰበት፣ በሲሊንደሩ ዳርቻ የቀረው ድብልቅ፣ ከበስተኋላው በሚገፋው ነበልባል እየታመቀና እየጋለ ሄዶ፣ ተራውን ሳይጠብቅ በገዛ ራሱ ባንድ ቅጽበት ሊቀጣጠል ይችላል። በማኅሌት መካከል ከዜማው የቀደመ ከበሮ ካህናቱን ሁሉ እንደሚያውክ፣ ይህም ጊዜውን ያልጠበቀ እሳት የሲሊንደሩን ሰላም ይነሣዋል፤ የግፊት ማዕበል ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተላተመ ብረቱን በሰከንድ ብዙ ሺሕ ጊዜ ያንቀጠቅጠዋል፤ እኛም ስልና ደረቅ የሆነ የብረት ድምፅ እንሰማለን።

ጉዳቱም ጆሮን በማወክ አይወሰንም። በሲሊንደር ውስጥ የሚነደው እሳት ከ2,000 ዲግሪ ሴልስየስ በላይ ሲሞቅ፣ ፒስቶን የሚሠራበት አሉሚኒየም ንጹሕ ሆኖ ሳለ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ፒስቶኑ በየዕለቱ ከመቅለጥ የሚድነው ሙቀቱ ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳና ወደ ውሃው ስለሚሸሽ፣ ደግሞም በአናቱ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ስስ የአየር ንጣፍ ስለሚከልለው ነው። ማዕበሉ ይህን ከለላ ይገፈዋል። ጥቂት ጊዜ ተሰምቶ ቢጠፋ ግድ የለም፤ በከባድ ጭነት ላይ ረጅም ጊዜ የቀጠለ እንደ ሆነ ግን የፒስቶኑን አናት ሊበሳ፣ ፋሻውን ሊሰብር፣ በቴስታታው ሥር ያለውንም ጋስኬት ሊያቃጥል ይችላል።

ሰው ይህን ድምፅ ዝም ለማሰኘት የሄደበት መንገድ ከሞተር ታሪክ ሁሉ የሚያሳዝነው ይመስለኛል። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ፣ ለ1912 ካዲላክ መኪና የኤሌክትሪክ ማስነሻ በመሥራት የታወቀው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ፣ ሞተሮች ባንኳኩ ቁጥር ጥፋቱ በእርሱ የብልጭታ ሥርዓት ስለ ተሳበበበት፣ ቶማስ ሚጅሊ የሚባለውን ወጣት ረዳቱን ነገሩን እንዲመረምር አዘዘው። ሚጅሊም ቀይ ቀለም ሙቀትን ይስባልና ነዳጁ ቢቀላ ቶሎ ይተንን ይሆናል ብሎ አሰበ፤ በእጁ ቀይ ቀለም ባይኖር አዮዲን ጨመረበት፤ መንኳኳቱም ቀነሰ። ከዚያ በኋላ እውነተኞቹን ቀይ ቀለሞች ቢሞክር አንዱም ሳይረባ ቀረ፤ የሠራው የአዮዲን ባሕርይ እንጂ መልኩ አልነበረም። በተሳሳተ ሐሳብ ትክክለኛ በር የተከፈተለት ይህ ሰው ከዚያ ወዲያ ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ቅመሞች ሲፈትን ኖሮ፣ በዲሴምበር 9 ቀን 1921 ቴትራኤቲል ሌድ ከሚባለው የእርሳስ ውሕድ ደረሰ፤ ከዚህም ጥቂት ጠብታ ብቻ ሞተሩን ጸጥ ያሰኘው ነበር።

እርሳስ መርዝ መሆኑ ግን ከጥንት የታወቀ ነው። በእርሳስ የተቀመመው ቤንዚን በፌብሩዋሪ 1923 በዚያው በዴይተን ለሕዝብ መሸጥ ከጀመረ በኋላ፣ በኦክቶበር 1924 በኒው ጀርሲ ቅመሙ ይዘጋጅበት በነበረ ሥፍራ ሠራተኞች አእምሯቸውን ስተው አምስቱ ሞቱ፤ ሚጅሊ ራሱም ከዚያ በፊት በእርሳስ ታሞ ነበር። አልኮል መንኳኳትን እንደሚከለክል እነዚሁ ሰዎች ጠንቅቀው ማወቃቸው ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል፤ ነገር ግን አልኮል በብዛት መጨመር ነበረበት፤ ማንም ገበሬ ከእህል ሊያወጣው ስለሚችል ለአንድ ኩባንያ ብቻ የሚጠበቅ መብት አያስገኝም ነበር። እንግዲህ የሁለት ትውልድ ሕፃናት በከተማ ጎዳና ላይ እርሳስ ሲተነፍሱ ካደጉ በኋላ፣ አሜሪካ በ1996፣ ከሰሐራ በታች ያሉት የአፍሪቃ አገሮች እስከ 2006 መግቢያ፣ ከሁሉ በመጨረሻ አልጄሪያ በ2021 ለመኪና የሚሸጠውን ባለ እርሳስ ቤንዚን አቆሙ። በአገራችን በ2008 ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የወጣ ኤታኖል በመቶ 5 እጅ ከአዲስ አበባ ቤንዚን ጋር እንዲቀላቀል ሲደረግ፣ ያ ተንቆ የቆየው አልኮል በእኛ መኪና ውስጥ የሥራ ቦታ አገኘ።

ነዳጅ መንኳኳትን የመቋቋም ችሎታው የሚለካበት ኦክቴን የሚባለው ቁጥርም የዚያው ዘመን ፍሬ ነው፤ አይሶኦክቴን የተባለው ፈሳሽ 100፣ ሄፕቴን የተባለው ደግሞ 0 ተደርጎ የማንኛውም ቤንዚን ጠባይ በሁለቱ መካከል ይመዘናል። ብዙ ባለመኪና ቁጥሩ ከፍ ያለውን ነዳጅ ጉልበት የሚጨምር መድኃኒት አድርጎ ይመለከተዋል፤ ነገር ግን ሞተሩ ካላንኳኳና ፋብሪካው ካላዘዘ ለእርሱ የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ በከንቱ የሚፈስ ነው። ይልቁንስ የሚያስፈራው ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ነው፤ ላምባ ኦክቴኑ እጅግ ዝቅተኛ ስለ ሆነ፣ ትናንት ጸጥ ብሎ ይሄድ የነበረ መኪና ዛሬ ነዳጅ ሞልቶ ከማደያው እንደ ወጣ ማንኳኳት ቢጀምር፣ ከሞተሩ ይልቅ ነዳጁን መጠርጠር ተገቢ ነው።

የከፍታም ነገር አለ፤ ይህን በተለይ የደጋ ሰው ሊያውቀው ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሞተሩም የሚስበው አየር የሳሳ በመሆኑ፣ በቆላ የሚያንኳኳው መኪና በእንጦጦ ሥር ዝም ብሎ ሊሠራ ይችላል። የከተማው መካኒክ ይህን ስለሚያውቅ፣ ካርቡራቶር ባላቸው በድሮዎቹ ቮልሶች፣ ላዳዎችና ኮሮላዎች ላይ፣ የሳሳው አየር የነሣውን ጉልበት ለመመለስ ብልጭታውን ጥቂት ያስቀድመዋል፤ ባለመኪናውም አመስግኖ ይሄዳል። ይኸው መኪና ቤተሰብና ጓዝ ተጭኖበት ወደ ጎጃም ሲጓዝ፣ ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን መውጣት ሲጀምር የመንኳኳት ምክንያቶች ሁሉ ባንድ ላይ ይገናኙበታል፤ አየሩ ወፍሯል፤ ሙቀቱ በርትቷል፤ ዳገቱ ረጅም ነው፤ ብልጭታውም ለአዲስ አበባ ተብሎ ቀድሟል። ሾፌሩ በዚህ ሁሉ ላይ ማርሽ መቀነስ ውርደት መስሎት በአራተኛ ማርሽ እየታገለ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይረግጠዋል። እግሩን ትንሽ አንሥቶ ወደ ሁለተኛ ቢመልሰው ድምፁ በአብዛኛው ወዲያው ይጠፋል፤ ምክንያቱም ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር በየዙሩ የሚሸከመው ጭነት ይቀልለታል፤ ዳርቻ የቀረውም ድብልቅ በራሱ ለመቀጣጠል ጊዜ ያጣል።

የአሁን ዘመን መኪኖች በሞተሩ ጎን ላይ የታሠረ፣ መንቀጥቀጡን ሰምቶ ለኮምፒዩተሩ የሚናገር መሣሪያ ስላላቸው፣ ኮምፒዩተሩ ብልጭታውን ወዲያው ያዘገየዋል። በዚህም ምክንያት የአሁኑ ባለመኪና ድምፁን ሳይሰማ ጉልበቱን ብቻ ያጣል፤ መኪናው ዳገት እንደ ጠላና ቤንዚን እንደ ወደደ ያማርራል።

ከእሳቱ ወጥተን ወደ ብረቱ ስንመጣ ነገሩ አጠር ይላል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋው ኳኳታ አብዛኛውን ጊዜ በሲሊንደሩ ውስጥ የላላ ፒስቶን ነው፤ ሙቀት ፒስቶኑን ሲያሰፋው ክፍተቱ ይጠብባል፤ እንዲህ ያለው መኪና ዘይቱ እየታየ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ከላይ ከቴስታታው የሚሰማ ቀጭን ቲክ ቲክታ የቫልቭ ክፍተት መስፋት ወይም የዘይት ማነስ ምልክት ነው። ማርሽ ሲገባ ወይም ሲነሣ ብቻ ድም የሚለው ከሞተሩ ውጭ የተበጠሰ ሱፖርቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሞተር ማውረድ ኃጢአት ነው። የናፍታ መኪናን ደግሞ በብርድ ስላንኳኳ መክሰስ አይገባም፤ ናፍታው ከተረጨ በኋላ እስኪቀጣጠል የሚያልፈው ጥቂት ጊዜ ድምፁን የባሕርዩ ያደርገዋልና፣ ሞቆም ከልማዱ በላይ ቢጮኽ ያን ጊዜ ይጠየቅ።

ያለ ማመንታት መኪናን የሚያስቆመው ከታች የሚመጣ፣ ከባድና ጥልቅ፣ ሞተሩ በፈጠነ መጠን የሚፈጥን፣ በተለይም ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ደጋግሞ የሚሰማው የቢዬላ ድምፅ ነው። በቢዬላውና በክራንክሻፍቱ መካከል ያለው ለስላሳ ብረት በዘይት እጥረት ተበልቶ ሲያልቅ ብረት ብረትን መምታት ይጀምራል፤ የዘይቱም ቀይ መብራት ከበራ «ቤት እስክደርስ» ማለት ቢዬላው የሞተሩን ጎን በስቶ እንዲወጣ መፍቀድ ነው። መኪናው ተጎትቶ ይሂድ። ልባም መካኒክ አስቀድሞ የዘይቱን ልክ ያያል፤ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ በሞተሩ አካል ላይ፣ እጀታውን በጆሮው ላይ አድርጎ የድምፁን ሥፍራ ይፈልጋል፤ በድሮዎቹ መኪኖች የካንዴላውን ገመድ አንድ በአንድ እየነቀለ፣ የትኛው ሲነቀል ድምፁ እንደሚለዝብ ያዳምጣል። ባለመኪናውም አጠገቡ ቆሞ፣ የማፍሰሻው ቡሎን ሲፈታ የሚወርደውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀብሎ በፀሐይ ይመልከተው፤ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለበት ሞተሩ ይውረድ፤ ንጹሕ ከሆነ ግን መካኒኩ ወደ ካንዴላውና ወደ ብልጭታው ጊዜ እንዲመለስ ሊለምነው መብቱ ነው።