የጉድጓድ ውሾች መለማመጃ ዋሻ

የጉድጓድ ውሾች መለማመጃ ዋሻ፣ ቴሪየርና ዳክስሁንድ የተባሉት ትናንሽ አዳኝ ውሾች ከመሬት በታች መሥራትን እንዲለምዱ ከጣውላ ተሠርቶ በአፈር የሚቀበር ጠባብ መተላለፊያ ነው። ጥበቱ፣ ጨለማውና መታጠፊያው የቀበሮ ጉሬን ያስመስለዋል። ከእውነተኛው ጉሬ የሚለየው ሰው በማናቸውም ጊዜ ክዳኑን አንሥቶ ውሻውን ማውጣት መቻሉ ነው።

አመጣጥ

«ቴሪየር» የሚለው ስም ምድር የሚል ትርጉም ካለው «ቴራ» ከሚለው የላቲን ቃል በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። «ዳክስሁንድ» ደግሞ በጀርመንኛ «የባጀር ውሻ» ማለት ነው። ባጀር ጠንካራ ጥፍር ያለውና ረጅም ጉሬ የሚቆፍር አውሬ ነው። እነዚህ ውሾች የተራቡት ቀበሮን ወይም ባጀርን ጉሬው ድረስ ተከትለው እንዲገቡ፣ እየጮኹ ያለበትን ቦታ እንዲያሳውቁ ወይም እንዲያስወጡት ነበር። ባለቤቱ ከላይ ሆኖ ጩኸቱን ያዳምጥና ወደ ውሻው አቅጣጫ ይቆፍራል።

ሥራው አደገኛ ነው። ውሻው በዛፍ ሥር መካከል ሊቀረቀር፣ አፈር ሊደረመስበት ወይም በአውሬው ሊቆስል ይችላል። በዚህ ምክንያት በዛሬው ጊዜ እንዲህ የሚያድኑ ሰዎች የሬዲዮ ምልክት የሚልክ ማሰሪያ በውሻው አንገት ላይ ያደርጋሉ። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. የ2004 የአደን ሕግ ውሻን ከመሬት በታች ማሰማራትን በእጅጉ ገድቦታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1971 የተመሠረተው የሥራ ቴሪየሮች ማኅበር በሰው ሠራሽ ዋሻ ውስጥ የውሾችን ተፈጥሯዊ ችሎታ መፈተን የጀመረ ሲሆን፣ የአሜሪካ ኬነል ክለብም እ.ኤ.አ. በ1994 የራሱን ፈተና አስጀመረ። ስለዚህ ጉሬን የሚያውቁት በጣውላው ዋሻ ብቻ የሆኑ ቴሪየሮች አሉ።

አሠራር

የተለመደው ዋሻ ውስጡ ወደ 23 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ያንኑ ያህል ከፍታ አለው። ጀማሪ ሠሪዎች ብዙ ጊዜ ለውሻው አዝነው ያሰፉታል፤ ይህ ግን አይጠቅመውም። በሰፊ ዋሻ ውስጥ ውሻው እንደልቡ ዞሮ ይመለሳል እንጂ ደረቱን አጥብቦ ወደ ፊት መግፋትን አይማርም። ለሥራ የሚመረጥ ቴሪየር ደረቱ በሁለት እጅ መዳፍ መታቀፍ አለበት የሚባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ጣውላው የሚገጠመው በሁለቱ ጎንና በላይ ብቻ ነው። ወለሉ አፈር ሆኖ ይቀራል። ጣውላ ወለል ሲረጥብ ያዳልጣል፣ ውኃም ያቁራል። አፈር ግን ለጥፍር መቆንጠጫ ይሆናል፣ ሽታም ይይዛል። የምስማርና የብሎን ጫፍ ወደ ውስጥ መውጣት የለበትም። በክፍሎቹ መጋጠሚያ ላይ እግር የሚገባበት ክፍተት እንዳይቀር፣ የመታጠፊያው የውስጥ ጥግም ሹል እንዳይሆን ይደረጋል።

ክዳኑ ከሁሉም ክፍል ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጣራው አንድ ወጥ ሆኖ ከተቸነከረ፣ ዋሻው ውሻ የሚቀረቀርበት እውነተኛ ጉሬ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ቢያንስ በየመታጠፊያውና በመጨረሻው ክፍል ላይ በማጠፊያ የሚከፈት ወይም እጀታ ያለው ክዳን ይደረጋል። ቦዩ ዋሻው ከመሬት ጋር እኩል እስኪሆን ወይም ትንሽ ዝቅ እስኪል ድረስ ይቆፈራል፤ ክዳኑ ላይ የሚደረገው አፈርም አንድ ሰው ወዲያውኑ በእጁ ሊጠርገው ከሚችለው በላይ መሆን የለበትም።

ጨለማውን የሚፈጥረው ርዝመቱ ሳይሆን መታጠፊያው ነው። ቀጥ ያለ ዋሻ ረጅም ቢሆንም ከመግቢያው ብርሃን ይታይበታል። አንድ ባለ 90 ዲግሪ መታጠፊያ ሲጨመር ግን ውሻው በአፍንጫው ብቻ መሄድ ይጀምራል።

ማለማመድ

ቡችላ መጀመሪያ የሚገባው አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው፣ ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት በሆኑ ቀጥ ያለ ዋሻ ነው። በወዲያኛው ጫፍ ምግብ ወይም መጫወቻ ይጠብቀዋል። ክዳኑ ቀስ በቀስ ይዘጋል፣ ርዝመት ይጨመራል፣ በመጨረሻም መታጠፊያ ይገባል። ውሻውን ገፍቶ ማስገባት ወይም ከኋላው መግቢያውን መዝጋት አይገባም፤ አንድ ጊዜ የደነገጠ ውሻ መግቢያውን ሲያይ ወደ ኋላ ማለት ሊለምድ ይችላል። ከመግባቱ በፊት የአንገት ማሰሪያው ይወልቃል፤ እዚህ ዋሻው ስለሚታወቅ የሬዲዮ ምልክት አያስፈልግም፣ ማሰሪያው ግን በእንጨት ሊያዝ ይችላል።

ፈተናዎች

በአሜሪካ ኬነል ክለብ አሠራር ማስተዋወቂያው ዋሻ 3 ሜትር ያህል ርዝመትና አንድ መታጠፊያ አለው። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 9 ሜትር ያህልና ሦስት መታጠፊያዎች ያሉት ሲሆን፣ ውሻው በ30 ሴኮንድ ውስጥ መጨረሻው ደርሶ ለ60 ሴኮንድ ያለማቋረጥ መሥራት አለበት። መሥራት ማለት መጮህ፣ መቆፈር፣ ማጉረምረም ወይም ፍርግርጉን መንከስ ነው። በሁለተኛው ደረጃ ሐሰተኛ መውጫና ባዶ ጉሬ ይጨመራሉ፤ ውሻውም በመጨረሻ ሲጠራ መውጣት ይጠበቅበታል። ብዙ ውሾችን የሚያስቸግረው ይህ መጨረሻው ነው።

በዋሻው ጫፍ ያሉት አይጠ መጎጦች በሽቦ ቤት ውስጥ ሆነው ከእንጨት ፍርግርግ በስተጀርባ ይቀመጣሉ፤ ውሻው ያሸታቸዋል እንጂ አይነካቸውም። በፍርግርጉና በሽቦ ቤቱ መካከል ያለው ርቀት ከውሻው አፍንጫና ከእግሩ ዝርጋታ መብለጥ አለበት። አይጦቹ በሙቀት ቶሎ ስለሚጎዱ ጥላ፣ አየርና ውኃ ያስፈልጋቸዋል፤ በየመካከሉም በሌሎች ይተካሉ።

ሥራ ላይ ሳይውል የቆየ ዋሻ ከመከፈቱ በፊት ይፈተሻል። ዝናብ ጣውላውን አብጦ ክዳኑ እንዳይነሣ ያደርገዋል፤ በጨለማው ውስጥም እባብ ወይም ተርብ ሊሰፍር ይችላል።