ማጅራት ገትር ቀጠሮ አይሰጥም
የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድርሻ በምዕራብ ሐረርጌ

በጨርጨር ደጋ በጋው የገበያና የጉዞ ወቅት ነው። ማሽላው ተሰብስቦ ሲያበቃ ከሂርና፣ ከበዴሳ፣ ከገለምሶና ከሚኤሶ የሚመጣው ሕዝብ በጭሮ ገበያ ይገናኛል። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 326 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዚህችው በቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ ጫትና ቡና የጫኑ መኪናዎች ሲመላለሱ ይውላሉ። ሌሊቱ ብርድ በመሆኑም ቤተሰብ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ተጠጋግቶ ያድራል። ደረቅ አየር፣ አቧራና መጨናነቅ በአንድነት የሚገኙበት ይህ ወቅት ለማጅራት ገትር በሽታ የሚመች ነው።

እንደሚታወቀው ሀገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ትገኛለች። በ1973 ዓ.ም. እና በ1981 ዓ.ም. በተነሱት ሁለት ታላላቅ ወረርሽኞች፣ በእያንዳንዳቸው ከ40,000 በላይ ሰዎች ታመዋል። ከጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከ1 እስከ 29 ዓመት ለሆናቸው ሰዎች በየዙሩ የተሰጠው ክትባት፣ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተሰጥቶ ብርቱ ውጤት አስገኝቷል። ቀድሞ ለአብዛኛው ወረርሽኝ መነሻ የነበረው «ኤ» የተባለው ዓይነት ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በአፍሪካ አልታየም። ይሁን እንጂ «ሲ»፣ «ደብልዩ» እና «ኤክስ» የተባሉት ዓይነቶች አሁንም አሉ። ስለዚህ መዘናጋት አይገባም።

ስሙ ምልክቱን ይናገራል

የበሽታው ስም ራሱ ምልክቱን ይናገራል፤ ማጅራትን ይገትራል። በሽተኛው ድንገት ከፍተኛ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ራሱን ክፉኛ ያመዋል፤ ያስመልሰዋል፤ ብርሃን ማየት ይጠላል። አገጩን ወደ ደረቱ ለማድረስ ሲሞክር አንገቱ እምቢ ይለዋል። ሲብስ ይቃዣል፤ ያንቀጠቅጠዋል፤ ራሱን ይስታል። በአንዳንዱ ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ ወይን ጠጅ መሳይ ነጠብጣብ ይወጣል። ይህም በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በዓይን ቆብ ውስጥ በይበልጥ ይታያል።

በሕፃናት ላይ ግን አንገት ላይገተር ይችላል። ጡት እምቢ ያለ፣ የዛለ፣ ድምፁን አቅጥኖ የሚያለቅስ፣ እርግብግቢቱ ያበጠ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት።

«ምች ነው» እየተባለ የሚያልፈው ሰዓት

ከሁሉ የሚጎዳው የሚባክነው ጊዜ ነው። ትኩሳትና ራስ ምታት ሲነሳ በብዙ ቤት «ምች መትቶት ነው» ይባልና ዳማ ከሴ ተጨምቆ ይሰጣል፤ በሽተኛውም እስከ ማግስቱ እንዲጠብቅ ይደረጋል። በከንፈር ላይ የሚወጣው ምች ኸርፐስ ከተባለ ቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይድናል። ይሁንና ምች በከንፈሩ የወጣበት ሰው ሕፃናትን፣ በተለይም አራስ ልጅን፣ መሳም አይገባውም። ቫይረሱ ጨቅላ ሕፃንን በብርቱ ሊጎዳ ይችላልና።

ይኸው ቫይረስ አልፎ አልፎ ወደ አንጎል ገብቶ የአንጎል ብግነት ያስከትላል። የዚህ በሽታ ምልክት ትኩሳትና የሚጥል መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። በሽተኛው ዘመዱን ይስታል፤ ጠባዩ ይለወጣል፤ ንግግሩ ይዘበራረቃል። በዚህ ጊዜ «ጋኔን ለከፈው» ተብሎ ወደ ጠንቋይ ከተወሰደ የመዳኛው ጊዜ ያልፋል። ሳይታከም ከቀረ ከአሥሩ ሰባት ያህሉን ይገድላል። አሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት በጊዜ በደም ሥር ከተሰጠ ግን ብዙዎችን ያድናል።

በባክቴሪያ የሚመጣው ማጅራት ገትርም ሰዓት እንጂ ቀን አይሰጥም። በዓለም ዙሪያ በዚህ በሽታ ከሚያዙት ከስድስቱ አንዱ ይሞታል። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ እንደ መስማት መሳን ያለ ከባድ ጉዳት ያገኘዋል። ሴፍትሪያክሶንን የመሰለ መድኃኒት በመርፌ ቶሎ ሲጀመር የሚተርፈው ሰው ይበዛል።

ሐኪሙ በሽታውን ለይቶ ለማወቅ ከታችኛው ጀርባ በመርፌ ጥቂት ፈሳሽ ይወስዳል። «ሽባ ያደርጋል» የሚለው ወሬ ከእውነት የራቀ ነው፤ መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ነውና። ቤተሰብ በዚህ ወሬ ፈርቶ እምቢ እንዳይል መሪዎች አስቀድመው ሊያስረዱ ይገባል።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

አንደኛ፣ ቃሬዛ ይዘጋጅ፤ የሚሸከሙ ወጣቶች ተራም አስቀድሞ ይውጣ። ለእርሻ ጉዛ የሚጠራው፣ ለቀብር በአፎሻ የሚሰበሰበው ሕዝብ፣ ሰው በሕይወት ሳለ ለመሸከምም ሊሰበሰብ ይችላል። በቆላው ከመኪና መንገድ ርቀው ለሚገኙ መንደሮች ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። የአምቡላንስ ስልክ ቁጥር በመሪው እጅ ብቻ ሳይሆን በየመንደሩ ይታወቅ።

ሁለተኛ፣ ትኩሳት ያለበትና አንገቱ የተገተረ ሰው ሲገኝ በዚያው ሰዓት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይነገር። በሽተኛውም ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ጭሮ ወይም ወደ ገለምሶ ሆስፒታል ይላክ። ሕዝቡ ከ30,000 በታች በሆነ አካባቢ በአንድ ሳምንት 2 ሰዎች በዚህ በሽታ ከተጠረጠሩ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው፤ 5 ከደረሱ ወረርሽኝ ነው። ይህን ቁጥር መሪዎች በቃላቸው ሊይዙት ይገባል።

ሦስተኛ፣ ከበሽተኛው ጋር በአንድ ቤት የኖሩት ተመዝግበው ለጤና ሠራተኛ ይቅረቡ፤ ለነሱ የሚሆን መከላከያ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። በሽታው በምራቅና በሳል ፍንጣቂ ስለሚተላለፍ የቤትና የትምህርት ቤት መስኮት ይከፈት። የሚያስለው ሰው አፉን ይሸፍን።

አራተኛ፣ የክትባት ቀን የገበያ ቀን ያህል ይከበር። ሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚወስዱት አምስት ክትባቶችን በአንድ የያዘው መርፌና የሳንባ ምች መከላከያው፣ ሁለት ዋና ዋና የማጅራት ገትር አምጪ ባክቴሪያዎችንም ይከላከላሉ። የመጀመሪያው በሀገራችን ከ1999 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል። በውልደት የሚሰጠው የቲቢ ክትባትም ሕፃናትን ከሳንባ ነቀርሳ ከሚመጣው ማጅራት ገትር ይጠብቃል። ስለዚህ የወለደች እናት የምትገኝበትን ቤት የሚያውቅ መሪ፣ ያልተከተበው ልጅ የቱ እንደሆነም ማወቅ ይኖርበታል።

ሐኪሙ በሆስፒታል፣ መድኃኒቱም በመደርደሪያ ይጠብቃሉ። በሽተኛውን በሰዓቱ ከዚያ የሚያደርሰው ግን ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤትን የሚያስተባብረውም የገበሬ ማኅበሩ መሪ ነው።