የፈሰሰ ድምፅ ሲታፈስ

«የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ይላሉ አበው። ለመሆኑ በውኃ ውስጥ የተበተነ ድምፅስ ወደ ወጣበት ነጥብ ተመልሶ ሊሰበሰብ ይችላልን?

በመተማ ቆላ ለሚያድግ ተማሪ ባሕር ሩቅ ነው፤ የጓንግ ወንዝ ግን ቅርብ ነው። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ጆሮውን ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ጓደኛው ፈንጠር ብሎ ሁለት ድንጋዮችን በውኃው ውስጥ ቢያጋጭ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማዋል፤ አቅጣጫውን ለመለየት ግን ይቸገራል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ሲጓዝ በውኃ ውስጥ ወደ 1500 ሜትር ይጓዛልና፣ ወደ ሁለቱ ጆሮዎች የሚደርስበት የጊዜ ልዩነት እጅግ ያንሳል።

ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ ባሕር ችግሩ ይብሳል። የሬዲዮ ሞገድ በጨዋማ ውኃ ውስጥ ሩቅ ስለማይዘልቅ መልእክት የሚላከው በአብዛኛው በድምፅ ነው። ድምፁ ግን ከባሕሩ ግርጌና ከውኃው ገጽ ጋር እየተላተመ በብዙ ጎዳና ይሄዳል። በመሆኑም አንዲት አጭር ምት እንደ ገደል ማሚቶ ተደራርባና ተምታታ ትደርሳለች።

መፍትሔው «ጊዜ ገልባጭ መስተዋት» ይባላል። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ማቲያስ ፊንክ ከፍተኛ ድግግሞሽ ባለው ድምፅ በቤተ ሙከራ አሳይቶታል። ድምፅ ተቀባይና አስተላላፊ መሣሪያዎች ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ። እያንዳንዱ የደረሰውን ይቀዳል፤ ከዚያም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ገልብጦ ያሰማል። በረጅሙ መንገድ ዘግይቶ የመጣው ቀድሞ ይወጣል፤ በአጭሩ የመጣው ዘግይቶ ይከተላል። ስለዚህ ሁሉም ከመነሻው ነጥብ በአንድ ቅጽበት ይገናኛሉ።

ይህ የሚሆነው በሞገድ እኩልታ ውስጥ ጊዜ በሁለተኛ ደረጃ ዴሪቫቲቭ ብቻ ስለሚገባ ነው፤ የጊዜ ምልክት ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ቢለወጥ እኩልታው አይናወጥም።

እ.ኤ.አ. በአፕሪል 1996 ዊሊያም ኩፐርማንና ባልደረቦቹ ይህንኑ በጣሊያን ምዕራባዊ ጠረፍ ሞከሩት። 125 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ 77 ሜትር የሚሸፍኑ 20 መሣሪያዎችን ሰቀሉ። ከ6.3 ኪሎ ሜትር ርቀት የተላከው የ50 ሚሊሰከንድ ምት ተገልብጦ ሲመለስ ከተነሣበት ስፍራ ተሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ1997 ርቀቱ 30 ኪሎ ሜትር ደረሰ።

የሚያስደንቀው ዕንቅፋት የነበረው ማሚቶ ረዳት መሆኑ ነው፤ እያንዳንዱ ነጸብራቅ እንደ ተጨማሪ መሣሪያ ያገለግላል። ሆኖም በባሕሩ ግርጌ ተውጦ የቀረ ድምፅ አይመለስም፤ በቀረጻውና በመልሱ መካከል ባሕሩ እጅግ ከተለወጠም ትኩረቱ ይደበዝዛል።

መስተዋቱ ያለፈውን ጊዜ አይመልስም። የፈሰሰውም ውኃ አይታፈስም፤ ድምፁ ግን፣ መንገዱን ለመዘገበ፣ ይታፈሳል።