ሁለት ወርም ቅጥር ነው

ፌብሩዋሪ ላይ ታክስ ሊያሠሩ የመጡ አንዲት እናት ጉዳይ አሁንም ይከነክነኛል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ለሁለት ወር የድግስ ምግብ የሚያዘጋጅ ሰው ወጥ ቤት ገብተው 6,000 ዶላር አግኝተዋል። የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ሰዓት የሚወስነው እሱ ነው፤ ሽርጡም ቢላዋውም የቤቱ፤ ሽንኩርቱ በምን ያህል እንደሚደቅ እንኳ የሚነግራቸው አለ። የተላከላቸው ግን የተቀጣሪ ደብሊው-2 ሳይሆን የኮንትራክተር 1099 ነው። ሪፈንድ ጠብቀው መጥተው፣ በዚያች ገንዘብ ላይ 848 ዶላር ገደማ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ እንዳለባቸው ስነግራቸው «ለሁለት ወር ብቻ እኮ ነው የሠራሁት» አሉኝ።

መውጫ መንገድ ነበር። በፎርም 8919 የሠራተኛውን ድርሻ 459 ዶላር ብቻ ይከፍሉ ነበር። ይህ መንገድ ግን ኤስኤስ-8 የሚባለውን፣ ተቀጣሪ ነኝ ወይስ ኮንትራክተር የሚል ጥያቄ ማስገባትን ይጠይቃል፤ ያ ሲገባ የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ለአሠሪው ይጽፋል። «የኛው ልጅ ነው፣ አላስቀይመውም፤ ተወው ልጄ» ብለው ሙሉውን ከፈሉ።

ይህን «ለአጭር ጊዜ ነው» የሚሉትን ነገር ሠራተኛውም አሠሪውም እኩል ይሉታል፤ እኔም መስማቱ ሰልችቶኛል። ሕጉ ሥራው ስንት ቀን እንደፈጀ በማየት ብቻ አይወስንም። ለሦስት ቀን የገባች አስተናጋጅ ተቀጣሪ ናት። ለአንድ ድርጅት አምስት ዓመት ሲያስተረጉም የኖረ አስተርጓሚ፣ የፈለገውን ቀጠሮ ተቀብሎ ያልፈለገውን የሚመልስ፣ ለሌሎችም የሚሠራ ከሆነ ኮንትራክተር ሊሆን ይችላል። የሚጠየቀው ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የሚያዘው ማን ነው፣ ዕቃውና ወጪው የማን ነው፣ ከሰረ የሚከስረውስ ማን ነው የሚለው ነው።

«ፈርሜያለሁ እኮ» የሚለኝም አለ። ውሉ ላይ ኮንትራክተር ተብሎ መጻፉ የሥራውን ጠባይ አይለውጠውም። ኤልኤልሲ ክፈት ተብሎ ከፍቶ፣ በነጋታው እዚያው ወጥ ቤት በዚያው ሰዓት የሚገባም አጋጥሞኛል። ከሁሉም የሚያደክመኝ ግን ራሱ «1099 አድርጉልኝ» ብሎ የሚለምነው ነው፤ ቼኩ ወፈር ስለሚልለት። የሚወፍረው ማንም ምንም ስላልቆረጠለት ነው እንጂ ዕዳው የትም አልሄደም። ተቀጣሪ ቢሆን እሱ 7.65 በመቶ፣ አሠሪው 7.65 በመቶ ይከፍሉ ነበር፤ አሁን 15.3ቱም የእሱ ነው። እርግጥ የሚሰላው በትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ነው፣ ግማሹም የገቢ ታክሱ ሲሰላ ይቀነስለታል፤ ቢሆንም ልዩነቱ ይሰማል። ወጥ ቤት ወድቆ እጁ ቢሰበር ወይም ሥራው ቢቆም፣ የሠራተኛ ኢንሹራንሱም የሥራ አጥ ክፍያውም ዘንድ የሚያደርሰው ወረቀት በእጁ የለም። («1099 ስላልተላከልኝ ታክስ የለብኝም» ለሚለው ደግሞ፦ ተላከም አልተላከም፣ ታክሱ የሚሰላበት የተጣራ ገቢው 400 ዶላር ከደረሰ የራስ ሥራ ታክስ አለበት።)

እውነተኛ ኮንትራክተር የሆነውንማ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የምሠራለት። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳው ማይሉን ጽፎ ከያዘ ለ2025 በማይል 70 ሳንቲም ይቀንሳል፤ ኤፕሪል፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ጃንዋሪ ላይ ግምቱን እየከፈለ ዓመቱን ያለ ድንጋጤ ይዘጋል። ሽርጥ የታጠቁት እናት ምን ይቀንሱ?

ለአሠሪዎቻችንም ቢሆን አያዋጣም። አይአርኤስ ሰውየውን ተቀጣሪ ነው ካለ፣ ሆን ተብሎ ባይደረግና 1099 በጊዜው ተሰጥቶ ቢሆን እንኳ፣ አሠሪው የራሱን 7.65 ሙሉ፣ ከሠራተኛው ድርሻ 20 በመቶውን፣ በዚያ ላይ ከደመወዙ 1.5 በመቶ ይከፍላል። 1099 ካልሰጠ 20ው 40፣ 1.5ቱ 3 ይሆናል። ይህን ከሠራተኛው ቆርጦ ማስመለስም አይችልም። ሆን ብሎ ከሆነ ደግሞ ይቺም ቅናሽ ትቀራለች።

ሰዓት የወሰናችሁለትን፣ ሽርጥ ያስታጠቃችሁትን ሰው ከመጀመሪያው ቀን የተቀጣሪውን ደብሊው-4 አስሞሉት። የኮንትራክተሩን ደብሊው-9 ፍሪጁን ሊጠግን ለሚመጣው ሰውዬ አስቀምጡለት።