ሐኪም ኦላጁዎን የጾመበት የውድድር ዘመን

ረመዳን በገባ ቁጥር ወላጆች ይዘውልን የሚመጡት አንድ ጥያቄ አለ። «ልጃችን ኳስ ይጫወታል፤ አሠልጣኙ በጨዋታ ቀን ጾሙን ይፍታ ይላል፤ ምን እናድርግ?» ይሉናል። ልጆቹ ደግሞ መልሳችንን ሳይጠብቁ የሐኪም ኦላጁዎንን ስም ይጠራሉ። ደግ አደረጉ፤ ግን ታሪኩን የሚያውቁት ግማሹን ነው።

ሐኪም ሌጎስ ተወልዶ ያደገ ናይጄሪያዊ ነው። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ ለሂውስተን ሮኬትስ ይጫወት ነበር። በ1987 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ረመዳን የገባው ጥር 24 አካባቢ፣ በፈረንጆቹ የፌብሩዋሪ 1995 መጀመሪያ ነበር። ወሩ በሊጉ ፋታ የሌለበት ነው፤ ቡድኖች ከከተማ ከተማ እየበረሩ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይጋጠማሉ። ሐኪም የጨዋታ ቀን፣ የእረፍት ቀን ሳይል ጾመ። ፌብሩዋሪ ሲያልቅ ሊጉ የወሩ ምርጥ ተጫዋች ብሎ የመረጠው እሱን ነው።

ልጆቹ የሚዘሉት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። በሂውስተን በዚያ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ምሽት 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ አብዛኛው ጨዋታ የሚጀመረው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሜዳ የገባው አፍጥሮ ነው። የከበደው በሳምንት መጨረሻ በቀን የሚደረገው ጨዋታ ነበር፤ ጓደኞቹ ተቀምጠው ውሃ ሲጠጡ እሱ ጠብታ አልቀመሰም። ይህን የቻለው በወኔ ብቻ አልነበረም። ለሱሑር ይነሣል፣ ተምር ይበላል፣ ውሃ በደንብ ይጠጣል። ሌሊቱን በስልክ አሳልፎ ሱሑር ላይ የሚተኛ ልጅ ሐኪምን ምሳሌ አድርጎ ባያቀርብልን እንወዳለን።

ሌላም አለ። ከከተማው ርቆ ሲጫወት ሐኪም ሙሳፊር ነበር። በሱረቱል በቀራ ለሕመምተኛና ለመንገደኛ ጾሙን ፈትቶ በሌላ ቀን የመክፈል ፈቃድ ተሰጥቷል። በሻፊዒ መዝሀብ መንገደኛው ካልተቸገረ መጾሙ ይበልጣል፤ ከተቸገረ መፍታቱ ይበልጣል። ሶሓባዎች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ሲጓዙ የጾመው የፈታውን፣ የፈታው የጾመውን አይወቅሱም ነበር። ከዚህ የምንረዳው ሐኪም የመረጠውን ሌላው ላይ መጫን እንደማይገባ ነው። በከተማው ያለ፣ ጤነኛና ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ ግን «ጨዋታ አለብኝ» ብሎ ብቻ ጾሙን አይፈታም።

«ጾሙ ዋንጫ አስገኘለት» የሚሉም አሉ። ፍጻሜው የተጠናቀቀው ሰኔ 7 ነው፤ ዒድ ካለፈ ከሦስት ወር በላይ ሆኖታል። እንዲያውም በረመዳኑ አጋማሽ ክላይድ ድሬክስለር ቡድኑን ከተቀላቀለ በኋላ ሮኬትስ 17 አሸንፎ 18 ተሸነፈ። ሐኪምም በመደበኛው ውድድር መገባደጃ የደም ማነስ ይዞት ከጨዋታ ውጪ ሆነ። ሲታመም ማረፉንም ልጆቻችን ቢያውቁት ደስ ይለናል። ቡድኑ በ47 ድልና በ35 ሽንፈት ከምዕራቡ ስድስተኛ ሆኖ አለፈ፤ ከዚያ 60 ጨዋታ ያሸነፈውን ዩታን፣ 3 ለ 1 ሲመራው የነበረውን ፊኒክስን፣ 62 ያሸነፈውን ሳን አንቶኒዮን ጣለ። በፍጻሜው የወጣቱን ሻኪል ኦኒልን ኦርላንዶ 4 ለ 0 ረታ። ከዚያ ወዲህም በስድስተኛ ደረጃ ገብቶ ዋንጫ የወሰደ የለም።

ስለዚህ ወላጆች፣ ከልጁ ጋር ከመጨቃጨቅ በፊት አሠልጣኙን አነጋግሩ። ከባዱ ልምምድ ከኢፍጧር በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ከመግሪብ በፊት ከሆነም ቀለል ይበል። ስኳር ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ያለበትን ልጅ ግን አስቀድማችሁ ለሐኪም አሳዩት፤ የሆስፒታሉን ሐኪም ማለታችን ነው።